ከዋርካው መታጠፊያ ስለተነሡት አምስት ቅርንጫፎች

ኅዳር ፰ ቀን ፲፱፻፸፬ ዓ.ም.
ዋርካ ሥር፣ አምባሰል

ለክቡር ጓድ ፈንታሁን
የአብዮት በዓል የመኪና እሽቅድምድም አዘጋጅ ኮሚቴ ሊቀ መንበር
ሐይቅ

ክቡር ጓድ ሊቀ መንበር ሆይ፦

ከሁሉ አስቀድሜ ከራስ ጠጉርዎ እስከ እግር ጥፍርዎ ሙሉ ጤና እመኝልዎታለሁ፤ የእግር ጥፍር ስልም የሁለቱንም እግሮችዎን ማለቴ ነው፤ በእኛ ሰፈር ሰሞኑን ይህን ለይቶ መናገር አስፈላጊ ሆኗልና። ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ፣ ወንበርዎና ማኅተምዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ ለአላህ፣ ቀጥሎም ለኮሚቴው ምስጋና ይግባውና፣ እህሉ ደርሶልናል፣ ከብቱም ደህና ነው። እኔ ግን ደህና አይደለሁም፤ ስለዚህም ነው የምጽፍልዎ።

ስሜ ሐሰን ኑርዬ ይባላል፤ የዋርካ ሥር ገበሬ ማኅበር ጸሐፊ ነኝ። ምናልባት ያስታውሱኝ ይሆናል፦ መስከረም ሁለት ቀን በተደረገው የመኪና እሽቅድምድም፣ ከሐይቅ እስከ ውጫሌ ካለው ጎዳና ሁሉ ንጹሕ ሆኖ የተገኘው የእኛ ክፍል በመሆኑ የምስክር ወረቀት ሰጥተው እጄን ሦስት ጊዜ የነቀነቁልኝ ሰው ነኝ። ዛሬ የሚጽፍልዎ ያው እጅ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ቦታ አርፎ መቀመጥ አቅቶኛል። አጨዳ ወጥቼ ማጭዱን በመሃል ጥዬ ወደ መታጠፊያው እሄዳለሁ፤ እዚያ ስደርስ ምን ልሠራ እንደመጣሁ ይጠፋኛል፤ ስመለስ ባለቤቴ ራህማ የእኔን ድርሻ አጭዳ ጨርሳ ውሃ ታቀብለኛለች። ይህንንም ደብዳቤ የምጽፈው ወረቀቱን ከግድግዳ ጋር ደግፌ፣ ቆሜ ነው፤ መስመሩ ወደ ታች አዘንብሎ ቢያገኙት ከጉልበቴ እንጂ ከአድኃሪነት እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ።

በፖስታ አሽጌ ያልላክሁበት ምክንያት አለኝ። ባለፈው ነሐሴ ወር በአዳራሹ በር ላይ «የሂስና የግለ ሂስ ሰሌዳ» አሰቅለው፣ ማንም ሰው ሳይፈራና ሳያፍር ጥፋቱን እንዲጽፍበት በንግግርዎ ጋብዘውን ነበር። ሰሌዳው በእውነት ያማረ ነው። እስከ ዛሬ የተለጠፈበት ግን የአንዲት የጠፋች አህያ ማስታወቂያ ብቻ ሲሆን፣ አህያዋም ከተገኘች ቆይታለች። ሰሌዳው ባዶውን ከሚቀር እኔ ልጀምረው ብዬ አሰብሁ። ራህማ አርፈህ ተቀመጥ ብላኛለች፤ መቀመጡ እንዳቃተኝ ነግሬያታለሁ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውምና፣ በሽታዬን በቁጥር ከፋፍዬ እነሆ አቀርባለሁ።

፩ኛ. በቅድሚያ ስለ ውድድሩ ማመስገን ይገባኛል። እኛ እሽቅድምድም የምናውቀው በፈረስ ነበር፤ ፈረሰኛ ሲወድቅ ጨዋታው ይቆማል፣ የወደቀው ይነሣል ወይም ያነሡታል፣ ከዚያ በኋላ ግልቢያው ይቀጥላል። ይህ ኋላ ቀር አሠራር መሆኑን የተረዳነው በእርስዎ ነው። ስድስት የመንግሥት መሥሪያ ቤት መኪናዎች በአምስት በአምስት ደቂቃ ልዩነት ከሐይቅ ተነሥተው፣ በአጭር ጊዜ ውጫሌ የገባው ዋንጫውን እንዲወስድ መወሰኑ፣ ማለትም ከፊት የሄደው ምን እንዳገኘው ከኋላ ያለው ፈጽሞ እንዳያውቅ መደረጉ፣ የታሰበበት ነገር ነው። ከሐይቅ መውጫ ላይ በቆመው ቅስት ላይ ቀያይ ባንዲራዎች ሲውለበለቡ በዓይኔ ቆጥሬያለሁ፤ አርባ ነበሩ። ከአርባው አንዱን ይዞ መታጠፊያ ላይ የሚቆም ሰው ቢመደብ ኖሮ ቅስቱ ሠላሳ ዘጠኝ ብቻ ይቀሩት ነበርና፣ ጌጡ እንዳይጎድል መጠንቀቅዎን አደንቃለሁ።

፪ኛ. ኮሚቴው ያወጣው የውድድር መመሪያ አሥራ ሁለት አንቀጽ አለው፤ በቃሌ እወጣዋለሁ። ሾፌር መንገድ ላይ ቢበላሽበት ወይም ቢጋጭ ስለሚሆነው ነገር የሚናገረው አንቀጽ አራት ብቻ ነው፦ «ማንኛውም ተወዳዳሪ መኪናው ቢበላሽ ወይም ቢጋጭ፣ ኮሚቴው በቦታው ተገኝቶ ምርመራ እስኪያደርግ ድረስ ከመኪናው እንዳይለይ፤ መኪናውም ሆነ በውስጡ ያለ ማንኛውም ነገር እንዳይነቃነቅ።» ለመንግሥት ንብረት እንዲህ መቆርቆር ያስመሰግናል። መመሪያውን ለማኅበሩ አባላት ጮክ ብዬ ያነበብሁት እኔ ስሆን፣ ሾፌሩም በውስጡ ካሉት ነገሮች አንዱ ሆኖ መቆጠሩን ያን ጊዜ አላስተዋልሁም።

፫ኛ. አንቀጽ ሰባት ደግሞ የሚመለከተው እኛን ነበር። ጎዳናው ከድንጋይ፣ ከፋንድያ፣ ከቅጠልና ከማንኛውም ባዕድ ነገር የጸዳ እንዲሆን፣ ቅጠል የተገኘበት ማኅበር ሊቀ መንበርና ጸሐፊ ሦስት ሦስት ቀን እንዲታሰሩ ያዛል። እዚህ ላይ፣ ክቡርነትዎ ዘወትር ከኋላ ወንበር ስለሚቀመጡ ምናልባት ያላዩት እንደሆነ ብዬ፣ ስለ ቅጠል ጥቂት ላስረዳ። በዚህ በእኛ መንገድ መኪና ሲበላሽ ሾፌሩ ከሁሉ በፊት የሚሠራው ቅርንጫፍ መቁረጥ ነው። ከመኪናው ራቅ አድርጎ፣ መታጠፊያ ካለም ከመታጠፊያው ወዲያ ማዶ፣ አስፋልቱ ላይ ይጥለዋል፤ ከኋላ የሚመጣው ያንን ሲያይ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ይህን በእኛ አገር ጡት ያልጣለ ሕፃን እንኳ ያውቀዋል። ሾፌሮቹ ግን አንድ መጥፎ ጠባይ አላቸው፦ መኪናቸውን ጠግነው ሲሄዱ ቅጠሉን እዚያው ጥለውት ይሄዳሉ። በዚህ ምክንያት መንገዳችን ላይ ባለቤቱ ከሄደ የሰነበተ፣ የደረቀ ቅርንጫፍ አይጠፋም። በበዓሉ ዋዜማና በዕለቱ ጧት ከአሥራ አንድ ቦታ እንዲህ ያለውን አንሥተናል። አርባ ሰው መጥረጊያ ይዞ አስፋልት ሲጠርግ ከብቶቻችን ከሩቅ ቆመው ያዩን ነበር፤ ምን እንደመሰላቸው አላውቅም።

አሁን ወደ ጥፋቴ ደርሻለሁና እባክዎ ይታገሡኝ።

አብተውን ያውቁታል፤ የእርሻ መሥሪያ ቤቱን ላንድሮቨር የሚነዳው፣ ዘር በሚከፋፈልበት ወራት እስከ አርዲቦ ሐይቅ ዳር ድረስ በጭቃ እየገባ የሚያደርስልን ሰው ነው። መወዳደር አልፈለገም ነበር፤ የላንድሮቨሩ የፊት ጎማ ይወዛወዛል ብሎ በጽሑፍ አመልክቶ፣ «የትግል መንፈስ ማነስ» የሚል መልስ ተጽፎበት ተመልሶለታል። ሦስተኛ ሆኖ ከሐይቅ ተነሣ። የዋርካውን መታጠፊያ እንዳለፈ ያ ጎማ ወለቀና፣ መኪናው አስፋልቱን ለሁለት ከፍሎ በአግድሙ ቆመ። አብተው ዘሎ ወረደ፤ ከመንገዱ ዳር ካለው ክትክታ አምስት ቅርንጫፍ በገጀራው ቆርጦ፣ በሩጫ ተመልሶ ከመታጠፊያው ወዲህ አርባ እርምጃ ያህል አርቆ ጣላቸው። ይህን ካደረገ በኋላ አንቀጽ አራት ትዝ አለውና ተመልሶ መኪናው ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ።

እኔ ከታች በኩል ፋንድያ እያስጠረግሁ ነበር። መታጠፊያው ስለሚከልለው ላንድሮቨሩ አይታየኝም። ከወዲህ ካለው ኮረብታ ላይ ፊሽካና ደብተር ይዘው ጽዳቱን እንዲቆጣጠሩ የመደቧቸው የጥበቃው ጓድ አሻግሬ ግን ቅጠሉን አዩና ፊሽካቸውን ነፉ። ሮጬ ሄድሁ። አምስቱንም በእቅፌ ሰብስቤ ቦዩ ውስጥ ጣልሁ፤ የረገፈውን ቅጠል ሳይቀር በመጥረጊያ ጠረግሁት። ከዚያም ከኪሴ ደብተሬን አውጥቼ፣ በዚያ ሰዓት በዚያ ቦታ ጎዳናው ንጹሕ መሆኑን ጻፍሁ፤ ፈረምሁበትም።

ክቡር ጓድ፣ ቁርጡ ነጭ ነበር። ቅርንጫፎቹን ሳነሣ የተቆረጡበት ቦታ ነጭ ሆኖ፣ ገና ውሃ እያወጣ ነበር፤ መዳፌን አርጥቦኛል። የሰነበተ ቅጠል እንዲህ አይደለም፤ ይህን ዕድሜ ልኬን ቅርንጫፍ ስቆርጥ የኖርሁ ገበሬ ነኝና አላውቅም ብል ያስቅብኛል። አየሁ፣ አወቅሁ። ፊሽካው ደግሞ ተነፋ። ሦስት ቀን ከመታሰር ብዬ አነሣሁት። ግለ ሂስ የሚባለው ይህ ከሆነ፣ ይኸው፣ ራቁቱን አቀረብሁት።

፬ኛ. አራተኛውን መኪና የእህል መጋዘኑ ሾፌር ሙዘይን ይነዳ ነበር፤ ከባድ ጭነት መኪና ነው። አምስት ደቂቃው ሞልቶ መጣ። ሙዘይን ጠንቃቃ ሰው ነው፤ ቅጠል ቢያይ ይቀንስ ነበር፤ ቅጠል ግን የለም፣ እጅግ ንጹሕ በሆነ ጎዳና ላይ ነበርና የሚነዳው። መታጠፊያውን ሲዞር ላንድሮቨሩን በጎኑ መታው። በአምስት ደቂቃ ውስጥ ሦስት ሰዎች ሦስት ግዴታቸውን እንዲህ አድርገው ፈጸሙ፦ አብተው እንደታዘዘው ተቀመጠ፣ እኔ እንደታዘዝሁት ጠረግሁ፣ ሙዘይን እንደታዘዘው ፈጠነ። ሕዝብን በማስተባበር ረገድ ከዚህ የበለጠ ውጤት በአውራጃችን ታይቶ አያውቅም።

፭ኛ. ከግጭቱ በኋላ ስለተደረገው ነገር በተለይ ማመስገን እፈልጋለሁ። አብተው ሁለቱም እግሮቹ ከታጠፈው ብረት ሥር ነበሩ፤ ሙዘይን በገዛ መኪናው ክሪክ ብረቱን አነሣለትና እግሮቹን ነፃ አወጣለት፤ ደሙ ግን ይፈስ ነበር። ሲሞት የሚቀብረው፣ ሲታመም የሚሸከመው ቅሬያችን ወዲያው ቃሬዛ ይዞ ደረሰ፤ ጓድ አሻግሬ ግን ከኮረብታው ወርደው ቃሬዛውን አገዱት፤ አንቀጽ አራትን ጠቅሰው፣ ኮሚቴው ሳይመረምር በመኪናው ውስጥ ያለ ማንኛውም ነገር አይነቃነቅም አሉን። ኮሚቴውን ፈልጉልን ስንል ኮሚቴው ውጫሌ ላይ የመዝጊያ ንግግር እያደረገ ነው ተባልን። አምቡላንሱንስ ስንል፣ አምቡላንሱም ውጫሌ ነው፤ ዋንጫውን፣ ድምፅ ማጉያውንና ለእንግዶች የሚሆነውን ለስላሳ መጠጥ ጭኖ በጧት ሄዷል ተባልን። ለስላሳው ሳይሰበር በሰላም መድረሱን ሰምተን ተጽናንተናል።

አብተው መኪናው ውስጥ እንደተቀመጠ አንድ ሰዓት ተኩል ሞላው። እንዴት ነህ ስንለው ደህና ነኝ ይል ነበር፤ ኋላ ኋላ ግን መልስ መስጠቱን ተወው። በመጨረሻ ወይዘሮ አሚናት፣ ልጆቻችንን ሁሉ ያዋለዱት አሮጊት፣ በምርኩዛቸው እያነከሱ መጥተው ጓድ አሻግሬ ፊት ቆሙ። «አንተ ልጅ፣ ይሄ ብረት ጡት አልጠባም፤ ሰውየው ግን እናት አለው። በአላህ ይዤሃለሁ፣ ዘወር በል» አሏቸው። እሳቸው የመንግሥትን ጠባቂ «አንተ» ማለታቸው ሥነ ሥርዓት የጎደለው መሆኑን እኔም አምናለሁ። ጓድ አሻግሬ ግን በእሳቸው እጅ የተወለዱ ናቸውና ዘወር አሉ። ስምንት ስምንት ሆነን እየተፈራረቅን፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ ሐይቅ ድረስ በትከሻችን ተሸክመን አደረስነው። መንገዱ ንጹሕ በመሆኑ እግራችንን ድንጋይ አልመታንም፤ ስለዚህም አመሰግናለሁ።

ከሐይቅ ወደ ደሴ በጭነት መኪና ወሰዱት። የቀኝ እግሩ ተረፈ። ግራው ከጉልበቱ በታች ተቆረጠ። ሐኪሙ ለባለቤቱ ለወይኒቱ፣ ቶሎ መጥቶ ቢሆን ኖሮ ብለው ጀምረው፣ ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርሱት ሄዱ።

፮ኛ. ከሁሉ ያስደነቀኝ የምርመራው ዘገባ ነው። ኮሚቴው በአሥራ ሰባተኛው ቀን መጥቶ መኪናውን ካየ በኋላ የደረሰበትን ድምዳሜ አዳራሹ ግድግዳ ላይ አንብቤዋለሁ፤ ቆሜ ስላነበብሁት በደንብ ገብቶኛል። አብተው በሁለት ጥፋት ተከሷል። አንደኛው፣ አንቀጽ አራትን በመጣስ ከመኪናው ተለይቷል የሚል ነው፤ ክትክታው አጠገብ ገጀራው ተገኝቷልና። ሁለተኛው፣ ለተከታይ መኪና የማስጠንቀቂያ ምልክት አላኖረም የሚል ነው። ወርዶ ቅጠል በመቁረጡ ተከሰሰ፤ ቅጠል ባለማኖሩም ተከሰሰ። ሰውየው ቢወርድም ባይወርድም ጥፋተኛ የሚሆንበትን መንገድ ማግኘት የብዙ ዓመት ትምህርት የሚጠይቅ ነገር ነው። የዘገባው ጸሐፊ በዚህ ሳይወሰኑ፣ ምናልባት ቅጠል ጥዬ ነበር ቢል እንኳ «ቅጠል የታወቀ ሕጋዊ ምልክት አይደለም» የሚል ዓረፍተ ነገር ጨምረዋል። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል ይባል የለ።

ጉዳዩ አሻጥር ተብሎ ኅዳር ሃያ ቀን በዲሲፕሊን ጉባኤ ይታያል። ከተፈረደበት ከሥራው ይባረራል፣ ጡረታውን ያጣል፣ ከሐኪም ቤት አልጋው ወደ እስር ቤት ይዛወራል፤ አሁንም ቢሆን አልጋው አጠገብ ጠባቂ ተቀምጦበታል፣ በአንድ እግሩ እንዳያመልጥ ይሆናል። ለሁለተኛው ክስ የቀረበው ማስረጃ ደግሞ አንድ ብቻ ነው። እርሱም በዋርካ ሥር ገበሬ ማኅበር ጸሐፊ የተጻፈ፣ በዚያ ሰዓት በዚያ ቦታ ጎዳናው ላይ አንድም ቅጠል እንዳልነበረ የሚመሰክር፣ ፊርማና ቀን ያለው ወረቀት ነው። ጽሑፉ የእኔ ነው። ሰውየውን የሚያሳስረው የእኔ ንጽሕና ነው።

፯ኛ ቁጥር ልሰጠው አስቤ ነበር፤ ነገር ግን የሚቀጥለው አቤቱታ ስላልሆነ ቁጥሩን ትቼዋለሁ።

ባለፈው ሳምንት ደሴ ሄጄ አብተውን ጠየቅሁት። በደጁ ሦስት ጊዜ አለፍሁ፤ በአራተኛው ገባሁ። ጠባቂው ትምባሆ ሊገዛ ወጣ ሲል፣ ቅጠሉን ያነሣሁት እኔ ነኝ አልሁት። ይጮህብኛል ብዬ ነበር። እርሱ ግን ስንት እንደነበሩ ጠየቀኝ። አምስት አልሁት። «እኔም አምስት ነው የጣልኩት» አለኝ፤ ከዚያም ትራሱ ላይ ጋደም አለ። ለካስ መርማሪዎቹ እየመጡ፣ አንድም ቅጠል አልተገኘም፣ አልቆረጥህም፣ ሕልም አይተህ ነው እያሉት፣ ሰውየው ራሱን ተጠራጥሮ ኖሯል። ምናልባት ደንግጬ ቁጭ ብዬ የቀረሁ እኔ ነኝ፣ ምናልባት ሙዘይንን ያጋጨሁት እኔ ነኝ እያለ ሁለት ወር ሙሉ ሲብሰለሰል ነበር። መኪናው ውስጥ ተቀምጦ የጭነቱን መኪና ድምፅ እንደሰማ፣ ሙዘይን ቅጠሉን ሲያይ ማርሽ ሲቀይር ይሰማኛል ብሎ ጆሮውን አቁሞ ሲጠብቅ እንደነበር አጫወተኝ። ማርሹ ሳይቀየር መጣ። ድምፁን ስትሰማ ለምን አልወረድህም ስለው፣ ከወረድሁ ዲሲፕሊን ነው፣ ቅጠሉም አለ ብዬ ነው አለኝ። ልወጣ ስነሣ እጄን ይዞ አመሰገነኝ። አላበድሁም ማለት ነው፣ እግዜር ይስጥልኝ አለኝ። ብዙ ነገር ችያለሁ፤ ያቺን ምስጋና ግን መቻል አቅቶኛል። እስካሁንም ከቦታ ቦታ የምታባርረኝ እርስዋ ናት።

ሙዘይንም ደህና አይደለም። የመኪናውን ቁልፍ ለመሥሪያ ቤቱ መልሶ፣ መስጊዱ ደጃፍ ተቀምጦ ይውላል፤ መኪና ባለፈ ቁጥር ከተቀመጠበት ብድግ ይላል።

እንግዲህ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ቢሉኝም እቀበላለሁ፤ ሁለት ወር ሙሉ ዝም ብያለሁና። አሁን ግን የምለምነው ይህን ነው። በጽሑፌና በፊርማዬ የሰጠሁትን የጽዳት ምስክርነት ዛሬ በዚህ ሰሌዳ ላይ ሰርዣለሁ። በዚያ ሰዓት በዚያ ቦታ አምስት የክትክታ ቅርንጫፍ ነበረ፤ ትኩስ ነበረ፤ ያነሣሁት እኔ ነኝ፤ ያነሣሁትም ክቡርነትዎ በፈረሙት አንቀጽ ነው። የተሰጠኝን የምስክር ወረቀት ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤ መልሻለሁ፤ ፍሬሙን ራህማ ለልጃችን ፎቶግራፍ ስለፈለገችው አስቀርታዋለች፤ ስለዚህ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ኅዳር ሃያ ቀን ከጧቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ በጉባኤው በር ላይ እገኛለሁ፤ ቢጠሩኝም ባይጠሩኝም እገባለሁ። ለሚያዝያው የላብ አደሮች ቀን ሁለተኛ ውድድር እንደታሰበም ሰምተናል። መኪና ሲበላሽ ሾፌሩ አስቀድሞ ከመንገድ እንዲወጣ፣ በየመታጠፊያው ባንዲራ የያዘ አንድ ሰው እንዲቆም፣ የተጎዳ ሰው ከብረቱ በፊት እንዲነሣ የሚል አንቀጽ ቢጨመር መመሪያው አሥራ ሦስት አንቀጽ ይሆናል፤ አሥራ ሦስት ቁጥር የሚያስፈራ ከሆነ አንቀጽ አራትን ሰርዘው በቦታው ያግቡት። ይህ ካልተቻለ፣ በእኛ ክፍል ላይ የሚጠርግ ሰው እንደማይገኝ ከወዲሁ በትሕትና አሳውቃለሁ። ሦስቱን ቀን እስራት ለመታሰር አርባዎቻችንም ተመዝግበናል፤ ዝርዝሩን የጻፍሁት እኔ ነኝ፤ የመጀመሪያው ስም የወይዘሮ አሚናት ነው።

ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለመኪናዎ ጠንካራ ጎማ፣ ለጎዳናዎ ሁልጊዜ ንጽሕናን እየተመኘሁ፣ ከጫማዎ በታች ዝቅ ብዬ፣ ስለ ታገሡኝም ስለማይታገሡኝም በአንድነት እያመሰገንሁ፣

አክባሪዎ
ሐሰን ኑርዬ
የዋርካ ሥር ገበሬ ማኅበር ጸሐፊ (ይህ እስከሚነበብ ድረስ)

ግልባጭ፦
ለአብተው፣ አልጋው ላይ፤
ለሙዘይን፣ መስጊዱ ደጃፍ፤
ለጓድ አሻግሬ፣ ፊሽካቸውን ይዘው ላሉበት።

ማሳሰቢያ፦ ደብዳቤዬን ጨርሼ ልለጥፍ ስል አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ባለፈው ማክሰኞ ከውጫሌ ሲመለሱ ከዋርካው ራቅ ብሎ የመኪናዎ ጎማ ፈንድቶ ነበር፤ ከእርሻ ላይ ሆነን አይተንዎታል። ሾፌርዎ ክሪኩን ከማውጣቱ በፊት ክትክታ ቆርጦ ከኋላ ጣለ፤ እርስዎም በጣትዎ እያመለከቱ «ወደዚያ አርቀው፣ ጨምርበት» ሲሉት ሰባት አደረሰው። ከዚያ ክቡርነትዎ ከመኪናው ወርደው ከመንገዱ ርቀው ጥላ ሥር ተቀመጡ። አንቀጽ አራትን ይጠቅሱብኛል ብለው አይስጉ፤ ተገቢውን ነው ያደረጉት። እኛም ማጭዳችንን ጥለን መጥተን፣ ማንም እንዳያነሣብዎ ሰባቱን ቅርንጫፎች ዳርና ዳር ቆመን ጠበቅንልዎ። ስለዚህ ኅዳር ሃያ ቀን፣ ቅጠል የታወቀ ምልክት ነው ወይስ አይደለም የሚለው ጥያቄ ሲነሣ ምስክር ፍለጋ መድከም አያስፈልግም፤ ከእኔ ቀጥሎ ሁለተኛ ምስክር አድርጌ ያስመዘገብሁት ክቡርነትዎን ነው።